ክሎሪኑንም ቁጥሩንም ስጡን

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ አራት የተለያዩ ሰዎች ልከውልኛል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የቧንቧ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳል፣ የሆነ ጠብታ ጠብ ያደርግበታል፣ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን ነው ልጆቻችሁን የምታጠጡት» ይላል። ክሎሪን ካንሰር ነው፣ ማንም አይነግራችሁም፣ ሼር አድርጉ። መጨረሻ ላይ የውሃ ማጣሪያ መሸጫ ስልክ ቁጥር ብቅ ይላል። (ሮዝ ያደረገው የክሎሪን መለኪያ ኬሚካል ነው። ክሎሪን መኖሩን ከማሳየት ያለፈ ነገር አይናገርም። መደንገጥስ ውሃው ሮዝ አልሆን ያለ ጊዜ ነበር።)

ሙሉ ለሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ግን ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ የሚጎዳው የተማረውን የከተማ ልጅ ሳይሆን የእኔን አክስት ነው።

አክስቴ ላሊበላ ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስገባ ሁሌ ከመደርደሪያው ጫፍ የማትጠፋው የውሃ አጋር ጠርሙስ የለችም።

«እትዬ፣ ያ የውሃ መድኃኒት የት ሄደ?»

«ጣልኩት ልጄ። ካንሰር ነው አሉ እኮ። ልጅቷ በስልኳ አሳየችኝ።»

«ታዲያ አሁን ውሃውን ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ እንዲሁ ነዋ። ደግሞ ሽታውስ ቢሆን መች ደስ ይላል።»

ውሃው ጥግ ላይ ቆሟል። ቢጫ ጀሪካን፣ ከተቀዳ አራተኛ ቀኑ፣ ክዳኑ ከጠፋ ቆይቶ በፌስታል የታሰረ። ሁለት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጃቸው ጣሳውን ይዞ ዙሪያውን ይንጎራደዳል። እንግዲህ ያ ሰውዬ በነጭ ጋዋኑ የደረሰው እዚህ ድረስ ነው። ማጣሪያውን አልሸጠም፤ የነበረውን አስጥሎ ሄደ።

ስለዚህ ግማሹን እውነት መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል።

ክሎሪን ጀርም ብቻ መርጦ አይገድልም። ውሃው ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል፣ የአፈር ርዝራዥ፣ የአልጌ ትርፍራፊ ካለ ከእነሱም ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ ውህደት የሚወለዱ ተረፈ ምርቶች አሉ። በጣም የሚታወቁት ትራይሃሎሜቴን የሚባሉት አራቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ የእነሱ ታላቅ ክሎሮፎርም ነው። ከጎናቸው ሃሎአሴቲክ አሲዶች የሚባሉ አሉ። እነዚህን በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያገኛቸው እ.ኤ.አ. በ1974 በሮተርዳም የውሃ ሥራዎች ውስጥ ኬሚስት የነበረው ዮሃነስ ሩክ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎችም ለብቻቸው ያንኑ አገኙ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካ ለአራቱ ድምር በሊትር 100 ማይክሮግራም የሚል ጣሪያ አስቀመጠች፣ በኋላም ወደ 80 አወረደችው። አውሮፓ 100 ላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ብቻውን የሚሰጠው መመሪያ 300 ነው፤ እሱም አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ሁለት ሊትር ቢጠጣ ተብሎ የተሰላ ነው።

ጉዳቱ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በባርሴሎና ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ጥናት በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በዓመት ከ6,500 በላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር ሕመሞች ከእነዚህ ውህዶች ጋር ሊያያዙ እንደሚችሉ ገምቷል፤ ከጠቅላላው 5 ከመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ይህ እንግዲህ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት በሚፈስበት፣ ሰው አርባና ሃምሳ ዓመት ያንኑ ውሃ ጠጥቶ በሚያረጅበት አገር ነው። ሆላንዳዊው ስለ ክሎሮፎርም ሊጨነቅ ሙሉ መብት አለው። ኮሌራውን አያቶቹ ጨርሰውለታል።

እኛ ጋ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ከጀርባዋ 4,000 ሜትርን ያለፈው አቡነ ዮሴፍ የቆመላት ከተማ ናት። የላስታ ሰው ውሃ የሚያውቀው ከምንጭና ከጉድጓድ ነው። የደጋ ምንጭና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ የበሰበሰ ዕፅ ርዝራዥ የለበትም፤ ክሎሪን ቢገባበትም ተረፈ ምርቱ ትንሽ ነው። ትራይሃሎሜቴን በብዛት የሚያስፈራው ክፍት ግድብ ላይ ነው። ለገዳዲን አስቡት፣ ገፈርሳን አስቡት፣ የጎንደሩን አንገረብን አስቡት፤ ክረምት ጎርፉ አፈርና ቅጠል እየጠረገ የሚያስገባባቸው፣ በበጋ ፀሐይ አልጌ የሚያበቅልባቸው። አዲስ አበባ ላይ ስለዚህ ነገር የሚመራመሩ ሰዎች መኖራቸው ትክክል ነው፤ ሊበረታቱም ይገባል። ላስታ ላይ ግን ምንጩ በደንብ ካልተከለለና በሐምሌ ደፍርሶ ካልመጣ በቀር ዋናው ጠላታችን እሱ አይደለም።

ዋናው ጠላታችን ጀሪካኑ ነው። ውሃ መጣች ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ይቀዳል፤ ጀሪካን፣ ሮቶ፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል፤ ከዚያ እስክትመለስ ያ ውሃ ይቆማል። ውሃ ስትጠፋ ደግሞ ቧንቧው ዝም ብሎ ባዶ አይቀመጥም። ግፊቱ ሲወርድ በተሰነጠቀበት ሁሉ ከውጭ ያለውን ይስባል፤ ከጎኑ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ ያንን ይስባል። ውሃ ስትመለስ መጀመሪያ የሚወጣው የደፈረሰ ነገር ምን ይመስላችኋል? እዚህ ላይ ክሎሪን ያለው ጥቅም ሌላ ነገር የለውም፤ ከማጠራቀሚያው ወጥቶ መንገድ ላይ፣ ጀሪካን ውስጥ፣ ጣሳው እስኪገባበት ድረስ አብሮ ዘብ ይቆማል። ለዚህ ነው መመሪያው ውሃው ተጠቃሚው እጅ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን ይኑረው የሚለው፤ ወረርሽኝ ሲኖር ከዚያ በላይ።

«ታዲያ አፍልቶ መጠጣት ነዋ» የሚሉኝ አሉ። ማፍላት ጥሩ ነው፤ በእኛ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ቢንተከተክም ጀርሙን ለመግደል ይበቃል። ግን በምን ይፈላ? እንጨት ስንት እንደገባ ላስታ ሄዳችሁ ጠይቁ። ኩበት ነው የሚነደው፤ ቤት ውስጥ፣ ጭስ መውጫ በሌለበት። አሁን ይህን ስሙኝ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ክሎሮፎርምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ውስጥ ነው የመደበው። ቤት ውስጥ የሚነድ የማገዶ ጭስን ግን ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ውስጥ አስቀምጦታል። ክሎሪን የገባበት የመጠጥ ውሃን ራሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 መርምሮ ለመመደብ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ነው የተወው። ስለዚህ አክስቴን ከካንሰር አድናለሁ ብሎ ክሎሪኑን አስጥሎ ወደ ምድጃው የሚመልሳቸው ሰው ከትንሹ ወደ ትልቁ እየገፋቸው ነው። ሳይሞት የተረፈው ጀርም ሳይቆጠር። (በነገራችን ላይ ክሎሮፎርም ተናኝ ነው፤ ውሃ ሲፈላ አብዛኛው በእንፋሎት ይሄዳል። ቡና ጠጪዎች አትጨነቁ፣ ጀበናው ሥራውን ሠርቷል።)

ኮሌራ ደግሞ አርባ ዓመት አይጠብቅም። በጠና የታመመ ሰው ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በጊዜ ፈሳሽ ከተሰጠው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። ነሐሴ 2014 ባሌ ላይ የጀመረው ወረርሽኝ ክልል እየተሻገረ ዓመታት ሲቆይ ያየነው ነው፤ አማራ ክልልም ገብቷል። ከተማችን ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። መብራት ከሌለ ፓምፕ የለም። ያኔ «ይህ ውሃ ስንት ማይክሮግራም ትራይሃሎሜቴን አለው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ እጁን እያፍተለተለ ፈገግ የሚል ባለሥልጣን ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ወደ እሱ እየመጣሁ ነው።

ሰው ለምን ያንን ቪዲዮ አመነ? ቂል ስለሆነ አይደለም። አክስቴ ቂል አይደሉም፤ ያለ ደብተር የአራት ዕድር ሂሳብ በጭንቅላታቸው ይይዛሉ። ያመኑት ሌላ የነገራቸው ስለሌለ ነው። እስቲ አስታውሱ፦ በ1998፣ በ2001፣ ከዚያም በ2008 እና በ2009 ሰው በተቅማጥና በትውከት ሲረግፍ በሽታው ስሙ ምን ነበር? «አተት»። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ምልክቱ ለራሱ ለበሽታው ስም ሆኖ ተሰጠ፤ ኮሌራ የሚለውን ቃል ከመንግሥት መግለጫ ላይ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ቱሪስት እንዳይሸሽ፣ ንግድ እንዳይቀዘቅዝ። የበሽታውን ስም የደበቀ ሰው ነገ ተነስቶ «ውሃው ታክሟል፣ እመኑን» ሲል ማን ያምነዋል? ወሬ ባዶ ቤት ነው የሚገባው። ቤቱን ባዶ ያደረገው ደግሞ ባለ ነጭ ጋዋኑ አይደለም።

«ውሃው ታክሟል» ማለት ራሱ ምን ማለት ነው? ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር እኮ ነው። በብዙ ትንንሽ ከተማ ያለው አሠራር የሚታወቅ ነው፤ ማንም ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ዕቃና በጀት ስለሌለ። ጠብ ጠብ እያደረገ የሚጨምረው መሣሪያ ተበላሽቷል፣ መለዋወጫ የለም፤ ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ዱቄት ክሎሪን በባልዲ በጥብጦ ማጠራቀሚያው ውስጥ በሆነ ቀን ይደፋል። በዚያ ቀን ውሃው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከሦስት ቀን በኋላ ምንም የለበትም። ሰው «መርዝ ጨመሩበት» የሚለው የመጀመሪያውን ቀን ነው፤ የሚታመመው በአራተኛው።

ሂሳቡን እንሥራው፣ ከባድ አይደለም። 50 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አለ እንበል። በሊትር 1.5 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲገባበት ከተፈለገ 75 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል። ዱቄቱ 70 ከመቶ ጥንካሬ ካለው 107 ግራም ገደማ መመዘን ነው። በቃ፣ አንድ እፍኝ ነገር። ግን ዱቄቱ ክዳኑ በደንብ ሳይገጠም መጋዘን ውስጥ ከርሞ ጥንካሬው ወደ 35 ቢወርድስ? ያው 107 ግራም ግማሹን ሥራ ብቻ ይሠራል። ሠራተኛው በዓይኑ ገምቶ እጥፍ ቢጨምርስ? ሕዝቡ ሸሽቶ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ፈሳሹ፣ በረኪና መሳዩ፣ የራሱ ጣጣ አለው፤ በሙቀት ሲከርም ክሎሬት የሚባል ሌላ ውህድ ይፈጥራል፤ ለእሱም በሊትር 0.7 ሚሊግራም የሚል መመሪያ አለ። ባለ ነጭ ጋዋኑ ይህን አላነሳም። ማንሳት የነበረበት ግን ይህን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ። «ወይ ጀርሙን ወይ ካንሰሩን ምረጡ» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተጭበረበረ ነው። ተረፈ ምርቱን ለመቀነስ የሚደረገው ነገር ምንድን ነው? ምንጩን ማጠር፣ ጎርፍ እንዳይገባበት ቦይ ማውጣት። የደፈረሰውን ውሃ አሳርፎና አጣርቶ ከዚያ በኋላ ብቻ ክሎሪን መጨመር። የማጠራቀሚያውን ዝቃጭ በየጊዜው መጥረግ። መጠኑን ለክቶ መጨመር። ውሃው ሳምንት ሳይቆም እንዲፈስ ማድረግ። ጀርሙን ለመቀነስስ? ያው ራሱ ነው። ንጹሕ ውሃ ትንሽ ክሎሪን ይበቃዋል፣ ትንሽ ክሎሪን ትንሽ ተረፈ ምርት ይሰጣል። አንዱን መንገድ ከሄድንበት ሁለቱም ጋ ያደርሰናል። የማያደርሰው ክሎሪኑን መጣል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ተረፈ ምርትን ለመቆጣጠር ሲባል ጀርም መግደሉ ፈጽሞ አይጓደል ብሎ ከጻፈ ቆይቷል።

እዚህ ጋ ክሎሪን ወዳጆች ሁሌ የሚጠቅሷት ታሪክ አለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ፔሩ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ በአንድ ዓመት ከ300,000 በላይ ሰው ታመመ፣ 3,000 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሞተ። ምክንያቱ ደግሞ የውሃ ኃላፊዎች ካንሰር ፈርተው ክሎሪን ማቆማቸው ነው ይባላል። ለክርክሬ በጣም ትመቸኝ ነበር፤ አልጠቀምባትም። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ሌላ ነው፦ ያረጀ ቧንቧ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ፣ ክሎሪኑም ከመጀመሪያው በቅጡ የማይጨመርበት ወይም ጭራሽ የሌለበት መስመር። ፍርሃቱ ዋና ጥፋተኛ አልነበረም። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው፤ የተዘረዘረው ሁሉ የእኛን ሰፈር ይመስላላ።

ስለ ማጣሪያ ሻጩ ብዙ አልልም። የካርቦን ማጣሪያ ትራይሃሎሜቴንን ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ክሎሪኑንም አብሮ ይወስደዋል፤ ካርትሬጁ በጊዜው ካልተለወጠ ደግሞ ራሱ የጀርም ማደሪያ ይሆናል። ከማጣሪያው ወጥቶ ጀሪካን ውስጥ የሚገባ ውሃ ዘበኛ የለውም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ላለ ሰው ምርጫው ሊሆን ይችላል፤ ይግዛ። ላሊበላ ላይ ልጆች ከቱሪስት ኋላ እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚሉት ለባዶው ፕላስቲክ ነው። ለዚህ ሰፈር መፍትሔ ብሎ ማጣሪያ የሚያስተዋውቅ ሰው ሰፈሩን አያውቀውም።

ኬሚካል መፍራት ካስፈለገ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ወርዳችሁ ፍሎራይዱን ፍሩ። በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሚለው መመሪያ በላይ የሆነ ውሃ የሚጠጣ ስንት ሰው ጥርሱ ጠቁሮ፣ አጥንቱ ጎብጦ አለ። ያ ቪዲዮ የለውም። የሚሸጥበት ነገር አልተገኘለትማ።

ታዲያ ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ የምጠይቀው ነገር ርካሽ ነው። ነጻ ክሎሪን መለኪያዋ የእጅ መዳፍ የምታክል ፕላስቲክ ሳጥን ናት፤ ውሃ ትሞላለህ፣ አንዲት ክኒን ትጨምራለህ፣ የሮዙን ድምቀት ከጎኑ ካለው ቀለም ጋር ታስተያያለህ። ሁለት ደቂቃ። በየቀኑ በየቦኖው ይለካ፣ ቁጥሩም እዚያው ሰሌዳ ላይ በኖራ ይጻፍ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ያን ቀን ሰው በቤቱ ውሃ አጋሩን ይጨምራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ፣ አንዱ ሐምሌ ላይ አንዱ በጋ ላይ፣ ናሙና ተወስዶ መሣሪያው ወዳለበት ላቦራቶሪ ይላክና ትራይሃሎሜቴኑ ይለካ። እንደምገምተው ትንሽ ሆኖ ይገኛል። ግምቴ ግን ለአክስቴ አይበቃቸውም፣ ለእኔም አይበቃኝም። ትልቅ ሆኖ ከተገኘ ምንጩ አልተከለለም ማለት ነው፤ ያኔ የምንጠይቀውን እናውቃለን።

ይህንን ከገና በፊት ነው የምፈልገው። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ከየአቅጣጫው በእግሩ የመጣ ምእመን ይቺን ከተማ ያጥለቀልቃታል። ደጀ ሰላሙ፣ ሜዳው፣ የየሰው ግቢ ሁሉ ይሞላል። ላሊበላ እንግዳ እግር አጥባ የምትቀበል ከተማ ናት። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ሳምንት ከአንድ መስመር ጠጥቶ ወደየአገሩ ሲመለስ፣ የጠጣውን ነገር ይዞ ነው የሚመለሰው፤ እስከ ሰቆጣ፣ እስከ ወልድያ፣ እስከ ጋይንት።

እስከዚያው እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። የማስተምራቸው አሥራ አንደኛ ክፍሎች የኬሚስትሪ ክበብ አላቸው፤ ሁለት መለኪያና መቶ ክኒን ተገዝቷል፣ ኖራና የተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ተገኝቷል። ስለ ትርጉሙ አክስቴን አስረድቻቸዋለሁ፤ «ከሮዙ በታች ከሆነ ይጨመራል፣ ሮዝ ከሆነ ይጠጣል» ብለው በራሳቸው ቋንቋ ለጎረቤት እየተረጎሙ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቦኖው ጋ እንጀምራለን፣ ውሃ ከመጣች።